ሰርቨሩን ማን ይጠብቀዋል? ለዌብ ሰርቨር ኦፕሬቲንግ ሲስተም ስለ መምረጥ



የኮምፒዩተር ክበብ አባላት የሆንን ሠልጣኞች ከሰሞኑ አንድ ጥያቄ አንሥተን ስንከራከር ሰንብተናል። ጥያቄው የተነሣው በተቋማችን አንድ ኮምፒዩተር ዌብ ሰርቨር ሆኖ እንዲያገለግል በመታሰቡ ነው። የትምህርት ማስታወሻዎች፣ የመልመጃ ጥያቄዎችና የማስተማር ልምምድ ሪፖርቶች በእርሱ ላይ ይቀመጣሉ፤ ለልምምድ ወደ ትምህርት ቤት የወጣ ሠልጣኝም ባለበት ሆኖ በስልኩ ይከፍታቸዋል ማለት ነው። ታዲያ በማሽኑ ላይ የትኛው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ይጫን? አንዱ ዊንዶውስ ይላል፤ ሌላው ሊኑክስ ይላል፤ ሊኑክስ የሚለውም «የትኛው ሊኑክስ?» ሲባል እርስ በርሱ አይስማማም። ክርክሩ የኳስ ቡድን ደጋፊዎች ጭቅጭቅ እየመሰለ ስለ ሄደ ነገሩን በዚህ ሰሌዳ ላይ ከሥሩ ጀምሮ ማስረዳት ይሻላል ብለናል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ ቃላቱን እንለይ። ዌብ ሰርቨር የሚለው ስም ለሁለት ነገር ይሠራበታል። አንደኛው ፕሮግራሙ ነው፤ ይኸውም ከሩቅ «ይህን ገጽ ስጠኝ» የሚል ጥያቄ ሲደርሰው ገጹን አውጥቶ የሚልክ፣ አፓቺን ወይም ኤንጂንኤክስን የመሰለ ፕሮግራም ነው። ሁለተኛው ይህ ፕሮግራም የሚሠራበት ማሽን ነው። ማሽኑ ሌላ ሥራ ሳይታከልበት ለዚህ ብቻ ሲመደብ ዴዲኬትድ ሰርቨር ይባላል። ደብዳቤ አይጻፍበትም፤ ፊልም አይታይበትም፤ ብዙ ጊዜ ስክሪንና ኪቦርድ እንኳ የለውም። ኦፕሬቲንግ ሲስተም ደግሞ በማሽኑ አካልና በፕሮግራሞቹ መካከል ሆኖ ሜሞሪውን፣ ዲስኩንና ኔትወርኩን የሚያከፋፍል፣ ማን ምን መንካት እንደሚችልም የሚወስን ነው። በትምህርት ቤት ምሳሌ ብንናገር፣ አፓቺ ክፍል ገብቶ የሚያስተምር መምህር ቢሆን፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ክፍል የሚመድበው፣ ደወል የሚያስደውለው፣ ማታም በሩን የሚያስቆልፈው አስተዳደር ነው። አስተዳደሩ ሲደክም መምህሩ ምን ጎበዝ ቢሆን ሥራው ይበላሻል።

የመጀመሪያው ዌብ ሰርቨር በ1990 ጄኔቫ አጠገብ በሚገኘው ሰርን በተባለው የምርምር ማዕከል ሥራ ጀመረ። የሠራው ቲም በርነርስ ሊ ሲሆን፣ ማሽኑ ኔክስት የተባለ ኮምፒዩተር ነበር። በሣጥኑ ላይም ይህ ማሽን ሰርቨር ስለሆነ ማንም እንዳያጠፋው የሚል ማስጠንቀቂያ በቀይ ቀለም በእጅ ተጽፎ ተለጠፈበት። ወረቀቱ ቀልድ ይመስላል እንጂ ሙሉ ትምህርት አለበት። የግል ኮምፒዩተር ሥራ ሲያልቅ ይጠፋል፤ ሰርቨር ግን እኛ ተኝተንም፣ ክፍል ገብተንም፣ ክረምት ላይ ግቢው ተዘግቶም መሥራት አለበት። ስለሆነም ላፕቶፕ ስንመርጥ የምናየውን መልክና ምቾት እዚህ ላይ ይዘን ብንመጣ አይሠራልንም። የሚያስፈልገው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ማሽኑ ሥራ ከጀመረ በኋላ ቀዳዳ ሲገኝበት ማን ይደፍነዋል? እስከ ስንት ዓመትስ?

ይህን በሁለት ታሪክ እናስረዳ።

በጁላይ 2001 ኮድ ሬድ የተባለ ተባይ ፕሮግራም የማይክሮሶፍት ዌብ ሰርቨር የሆነውን አይአይኤስ የሚያሠሩ ማሽኖችን ወረረ። በጁላይ 19 ቀን ብቻ፣ 14 ሰዓት ባልሞላ ጊዜ፣ ከ359,000 የሚበልጡ ማሽኖች ተለከፉ። «ዊንዶውስ ስለሆነ ነው!» የሚሉ ጓደኞቻችን በዚህ ላይ እጃቸውን ያወጣሉ። ቆዩ እንጂ! ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን ማስተካከያ ያወጣው በጁን 18 ቀን፣ ማለትም አንድ ወር ቀድሞ ነበር። መድኃኒቱ ከበሽታው ቀድሞ በመደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፤ የጎደለው ወስዶ የሚያጠጣ ሰው ነው። በሌላ በኩል በኤፕሪል 2014 ኸርትብሊድ የተባለው ቀዳዳ የተገኘው ኦፕን ኤስኤስኤል በተባለውና በሊኑክስ ሰርቨሮች ላይ በሰፊው በሚሠራበት የምስጢር መጠበቂያ ፕሮግራም ውስጥ ነው። ቀዳዳው ሳይታወቅ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቷል። ከሩቅ ያለ ሰው የማሽኑን ሜሞሪ ቁርጥራጭ እያነበበ የይለፍ ቃል ሊያገኝበት ይችል ነበር። ማስተካከያውም ቀዳዳው ይፋ በሆነበት ቀን ወጣ። እንግዲህ ቀዳዳ የሌለው የለም። ልዩነቱ የሚመጣው የሚደፍነው አካል አለ ወይስ የለም፣ እኛስ የተሰጠንን እንወስዳለን ወይስ አንወስድም በሚለው ላይ ነው።

ሁለተኛው ታሪክ የሴንት ኦኤስ ነው። በዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ምክንያቱም ለእንደኛ ዓይነቱ ተቋም ከሁሉ የሚቀርበው እርሱ ነው። ሬድ ሃት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለድርጅቶች የሚሆን ሊኑክስ አዘጋጅቶ የድጋፍ ክፍያ ይቀበልበታል። ሴንት ኦኤስ ደግሞ ከ2004 ጀምሮ ያንኑ ሥራ ከምንጩ እንደገና እየገነባ ያለ ክፍያ ያድል ነበር። በዚህ የተነሣ በዓለም ዙሪያ ዩኒቨርሲቲዎችና የሰርቨር አከራዮች በብዛት ተገለገሉበት። በ2014 ፕሮጀክቱ በሬድ ሃት ጥላ ሥር ገባ። በሴፕቴምበር 2019 ሴንት ኦኤስ 8 ሲወጣ እስከ 2029 ድረስ ማስተካከያ እንደሚያገኝ ይጠበቅ ነበር፤ ሰዉም አሥር ዓመት አገኘን ብሎ ጫነው። ነገር ግን በዲሴምበር 8 ቀን 2020 ማስታወቂያ ወጣ፤ ሴንት ኦኤስ 8 በዲሴምበር 31 ቀን 2021 ያበቃል ተባለ። ስምንት ዓመት ያህል በአንድ ማስታወቂያ ተቆረጠ ማለት ነው። የሚገርመው ደግሞ በአሮጌው በሴንት ኦኤስ 7 ላይ የቆዩት እስከ ጁን 30 ቀን 2024 ድረስ ማስተካከያ ሲያገኙ፣ «አዲሱ ይሻላል» ብለው የተሻገሩት ቀድመው ሜዳ ላይ ቀሩ።

የሆነው ሆኖ ተጠቃሚው አልተበተነም። አልማ ሊኑክስ በማርች 2021፣ ሮኪ ሊኑክስ በጁን 2021 ወጥተው ቦታውን ያዙ። ሮኪን የጀመረው ከሴንት ኦኤስ መሥራቾች አንዱ የነበረው ግሪጎሪ ኩርትዘር ነው፤ ስሙንም ያወጣው በሞት ለተለየው የሥራ ባልደረባው ለሮኪ ማክጎ መታሰቢያ እንዲሆን ነው። ከዚህ የምናገኘው ነገር «ነፃ ነው» የሚለው ቃል ብቻውን ዋስትና አለመሆኑን ነው። ከጀርባው ማን አለ፣ ውሳኔውስ በማን እጅ ነው ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ለምሳሌ ደቢያን ባለቤት የሆነ ኩባንያ የለውም። በ1993 ኢያን መርዶክ የጀመረው ሲሆን፣ ዛሬ በብዙ አገሮች የሚገኙ በጎ ፈቃደኞች በራሳቸው መተዳደሪያ ደንብ፣ በየዓመቱ መሪ እየመረጡ ያካሂዱታል። ኡቡንቱ በደቢያን ላይ ተመሥርቶ የተሠራ ሲሆን ከ2004 ጀምሮ ካኖኒካል የተባለው ኩባንያ ያወጣዋል። የኩባንያው መሥራች ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ ነው። ስሙም ከዚያው ከደቡባዊ አፍሪካ ቋንቋዎች የተወሰደ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንግባ። በዚህ ተቋም የምንቆየው ለጥቂት ዓመታት ነው። ከተመረቅን በኋላ አንዳችን ወደ አንዱ ወረዳ፣ ሌላችን ወደ ሌላው እንመደባለን፤ ሰርቨሩ ግን እዚሁ ይቀራል። እንግዲያው የሚጫነው ሲስተም ዕድሜ ቢያንስ ከእኛ ቆይታ መብለጥ አለበት። ደቢያን 12 በጁን 2023 ወጣ፤ በተለመደው አሠራር ሦስት ዓመት ሙሉ ድጋፍ፣ ከዚያ ሁለት ዓመት የረጅም ጊዜ ድጋፍ አለው፤ እስከ ጁን 2028 ያደርሰናል። በኦገስት 2025 የወጣው ደቢያን 13 እስከ 2030 ይዘልቃል። በኤፕሪል 2024 የወጣው ኡቡንቱ 24.04 ያለ ተጨማሪ ምዝገባ እስከ 2029 ያገለግላል። አልማ ሊኑክስ 9 እስከ 2032፣ ዊንዶውስ ሰርቨር 2022 እስከ ኦክቶበር 2031 ድረስ የደህንነት ማስተካከያ አላቸው። ኡቡንቱ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ። በየስድስት ወሩ የሚወጡት መካከለኛ እትሞች ድጋፋቸው ዘጠኝ ወር ብቻ ነው። ለሰርቨር የሚሆነው በየሁለት ዓመቱ በኤፕሪል የሚወጣው የረጅም ጊዜ እትም ብቻ ነው።

«ዕድሜው የሚበልጠውን መርጠን እንገላገላ!» የሚል ይኖራል። አይሆንም፤ ምክንያቱም ሰርቨሩ የተፈለገው ለኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ሲባል አይደለም፤ በላዩ ላይ ለሚሠራው ፕሮግራም ነው። እኛ ልንጭን ያሰብነው ሙድል የተባለውን የማስተማሪያ ሥርዓት ነው። አውስትራሊያዊው ማርቲን ዱጊያማስ በ2002 የመጀመሪያውን እትም አውጥቶ በነፃ ያደለው ነው። የረጅም ጊዜ ድጋፍ ያለው ሙድል 4.5 የሚሠራው ከፒኤችፒ 8.1 እስከ 8.3 ባሉት ላይ ነው። እዚህ ላይ ወረቀትና እርሳስ ይዛችሁ ተከተሉን። ደቢያን 13 ይዞ የሚመጣው ፒኤችፒ 8.4ን ነው፤ ስለዚህ ለሙድል 4.5 ከልክ በላይ አዲስ ሆነ። አልማ ሊኑክስ 9 ዝም ብለው ቢጭኑት የሚሰጠው 8.0ን ነው፤ ይኼኛው ደግሞ አርጅቷል፤ በእርግጥ ከራሱ ማከማቻ ሌላ እትም መርጦ መጫን ይቻላል፤ ግን የሚመርጠው ሰው ማወቅ አለበት። ደቢያን 12 በ8.2፣ ኡቡንቱ 24.04 ደግሞ በ8.3 ልክክ ብለው ይገጥማሉ። በክርክራችን ሲጮኽ የነበረው «ከሁሉ አዲሱ ይጫን» የሚለው ሐሳብ በዚህች ስሌት ብቻ ወደቀ።

ስለ ማሽኑም እንመልከት። ብዙ ጊዜ ለትምህርት ተቋም የሚደርሰው ኮምፒዩተር ሌላው ተጠቅሞ የተወው ነው። ደቢያን 13 ለአሮጌዎቹ ባለ 32 ቢት ኮምፒዩተሮች መጫኛ ማዘጋጀቱን አቁሟል። ሮኪ ሊኑክስ 10 ደግሞ በኢንቴል በኩል ከ2013 ወዲህ መታየት የጀመሩትን የፕሮሰሰር ችሎታዎች ይጠይቃል፤ አልማ 10 ግን ለቀደሙትም የሚሆን የተለየ እትም አዘጋጅቷል። ስለዚህ ከመወሰን በፊት ሣጥኑን ከፍቶ ወይም ሲነሣ ስክሪኑ ላይ አይቶ የፕሮሰሰሩን ስም መጻፍ ግድ ነው። ይህን ሳያደርጉ መከራከር የጫማውን ቁጥር ሳይጠይቁ ጫማ እንደ መግዛት ነው።

ስለ ዊንዶውስ ሰርቨር ፍርዳችን ሚዛናዊ እንዲሆን እንፈልጋለን። በቀድሞው የማይክሮሶፍት ዶትኔት ፍሬምወርክ የተጻፈ ፕሮግራም ያለው ድርጅት ዊንዶውስን ቢመርጥ አያስነቅፈውም፤ ፕሮግራሙ የሚሠራው እዚያ ነውና። (ከ2016 ወዲህ የወጣው አዲሱ ዶትኔት ግን በሊኑክስም ይሠራል።) አብዛኞቻችንም ኮምፒዩተር የተማርነው በዊንዶውስ ነው፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ችግሩ ላይሰንሱ የሚሸጠው በፕሮሰሰር ኮር ብዛት መሆኑና ማሽኑ አራት ኮር ብቻ ቢኖረው እንኳ ዝቅተኛው ሂሳብ የ16 ኮር መሆኑ ነው። በዚህ ጊዜ «የተሰበረውን ኮፒ እንጫነው፤ ማን ያየናል?» የሚል ድምፅ ከኋላ ወንበር ይሰማል። እኛ ይህን አጥብቀን እንቃወማለን። ላይሰንሱን የሰበረው ማን እንደሆነ፣ አብሮ ምን እንዳስገባ አይታወቅም። የሠልጣኞች ውጤት የሚቀመጥበትን ክፍል ቁልፍ ለማያውቁት መንገደኛ ሰጥቶ «አደራ» እንደ ማለት ነው። በሕግ በኩል ያለውን ለሕግ አዋቂዎች እንተዋለን።

ፍሪ ቢኤስዲ የተባለም አለ፤ ሊኑክስ አይደለም፤ ከዩኒክስ የዘር ሐረግ የመጣ ነው። ኔትፍሊክስ ፊልሞቹን በሚያከፋፍልባቸው ማሽኖች ላይ የሚጠቀመው እርሱን ነው። በጥራቱ ምንም አንልም። ነገር ግን በአካባቢያችን ጠይቀን የሚያስረዳን አንድም ሰው አላገኘንም። ሌሊት ሰርቨሩ ቢቆም ማንን እንቀሰቅሳለን? «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» እንደሚባለው ነው። ለዚህ ጥያቄ የምንሰጠው ክብደት ከፍጥነት ይበልጣል፤ ምክንያቱም በአንድ ተቋም ሰርቨር ላይ የሚሰማ የፍጥነት ልዩነት የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከኔትወርኩ እንጂ ከሲስተሙ አይደለም።

የኢንተርኔት መስመር ጉዳይም አለ። የዊንዶውስ ሰርቨር ወርኃዊ ማስተካከያ በአንድ ጥቅል ስለሚመጣ በመቶ የሚቆጠር ሜጋባይት ይሆናል፤ ብዙ ጊዜም ማሽኑ ጠፍቶ እንዲነሣ ይጠይቃል። ደቢያንና ኡቡንቱ የሚያወርዱት የተነካውን ፓኬጅ ብቻ ነው፤ ማጥፋትና ማብራት በዋናነት የሚያስፈልገውም ከርነሉ ሲለወጥ ነው። የኡቡንቱ ሰርቨር የደህንነት ማስተካከያዎችን ማንም ሳያዘው በራሱ እንዲጭን ሆኖ ይመጣል። ክረምት ላይ ግቢው ባዶ ሲሆን የዚህ ጥቅም ይታያችሁ።

አንዳንዶች «አዲስ ፓኬጅ የማያስገባ ሲስተም ኋላ ቀር ነው» ይላሉ። ለእነርሱ የማርች 2024ን ነገር እናስታውሳቸው። ኤክስዜድ በተባለች፣ ፋይል በምታጨምቅ ትንሽ ፕሮግራም ውስጥ አንድ ሰው ለዓመታት ታማኝ ረዳት መስሎ ቆይቶ በስውር የጓሮ በር አስገባ። የነቃው አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ነው። ከሩቅ ወደ ማሽን የሚገባበት ኤስኤስኤች ግማሽ ሴኮንድ ያህል ዘገየበትና «ለምን?» ብሎ ተከታትሎ ደረሰበት። የተበከለው እትም በደቢያን የሙከራ እትሞችና በፌዶራ የሙከራ እትም ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ቀስ ብሎ የሚሄደው የደቢያን ቋሚ እትም ውስጥ ግን አልደረሰም። ለቡድን ደጋፊዎቻችን ደግሞ አንድ ነገር እንጨምር፤ ሊኑክስን ከዚህ ጉድ ያዳነው አንድሬስ በወቅቱ የማይክሮሶፍት ሠራተኛ ነበር።

በክርክሩ ላይ «በአማርኛ የተጻፈው በሊኑክስ ላይ ይታያል ወይ?» የሚል ጥያቄም ተነሥቷል። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ሰርቨሩ ፊደሉን አይስለውም፤ የፊደሉን ቁጥር ብቻ ይልካል፤ የሚስለው የአንባቢው ስልክ ነው። ስለዚህ ገጹና ዳታቤዙ ዩቲኤፍ 8 መሆናቸውን ማረጋገጥ በቂ ነው፤ ሲስተሙ የትኛውም ቢሆን። ይልቅስ የሚያሳስበው ሰዓቱ ነው። የሰዓት ክልሉን አዲስ አበባ ብንለውም ማሽኑ የሚቆጥረው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ፈተና «በ6 ሰዓት ይዘጋል» ብሎ መምህሩ 6 ቁጥርን ቢያስገባ ማሽኑ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ዘግቶት ያድራል፤ ሠልጣኙ እኩለ ቀን ላይ ሲመጣ በሩ ተዘግቶ ይጠብቀዋል። ይህን የሚያስተካክል ኦፕሬቲንግ ሲስተም የለም፤ መምህራኖቻችን ቀጠሮውን ሲሞሉ 12:00 ብለው እንዲያስገቡ በትሕትና እናሳስባለን።

በበኩላችን የደረስንበት የሚከተለው ነው። ማሽኑ ባለ 64 ቢት መሆኑ ስለ ተረጋገጠ፣ በቤተ ሙከራው ውስጥ ኡቡንቱን የለመዱ ሰዎች ስላሉ፣ ከሙድል 4.5 ጋርም ስለሚገጥም፣ ኡቡንቱ ሰርቨር 24.04 ያለ ዴስክቶፕ ይጫን እንላለን። ደቢያን 12 ሁለተኛ ምርጫችን ነው፤ የማንቀበለው ድጋፉ ሊያበቃ ጥቂት የቀረውን ወይም ማንም የማያውቀውን ነው። ሙድል 4.5 የደህንነት ማስተካከያ የሚያገኘው እስከ ኦክቶበር 2027 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ወደ ቀጣዩ እትም የሚያሸጋግረው ሰው ከወዲሁ መታወቅ አለበት። በ2029 የኡቡንቱው ተራ ሲደርስ ደግሞ ከዚህ ጽሑፍ አዘጋጆች አንዳችንም በግቢው አንኖርም።

ስለሆነም ከምርጫው ጋር አንድ ደብተር እንዲከፈት ጠይቀናል። የተጫነው ምን እንደሆነ፣ በስንት ቀን እንደ ተጫነ፣ ድጋፉ የሚያበቃበት ቀን፣ ባክአፑ የት እንደሚቀመጥ፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ ማሽኑ በራሱ እንዲነሣ የተደረገው በየትኛው ቦታ እንደሆነ በአማርኛ ይጻፍበታል። የይለፍ ቃሉ ግን በደብተሩ ውስጥ አይገባም፤ በታሸገ ፖስታ በኃላፊው መምህር እጅ ይቀመጣል። ከመጀመሪያ ዓመት ሠልጣኞች መካከል ሁለት ሰዎች ከእኛ ጋር ሆነው ከመጫኑ ቀን ጀምሮ እንዲሠሩ እንፈልጋለን። ሴትም ወንድም ቢሆን፣ እንግሊዝኛው ብዙም ባይሆን፣ ግድ የለም። ስማችሁን ለክበቡ ጸሐፊ አስመዝግቡ።